ከግራ ትከሻዬ በላይ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ቁጭ ብዬ የምሰማ ሰው አልነበርኩም፣ ተነስቼ ነበር የምሄደው። አክስቴ ከእንጦጦ ጫካ ሰው በስሙ ስለሚጠራ ድምፅ ስታወራ «ጅብ ነው አክስቴ፣ ጅብ ደግሞ ስም ማወቅ አያቅተውም» እያልኩ አበሽቃት ነበር፣ የሰፈር ሰው «እገሌ ከተቀበረ በኋላ ታየ» ሲለኝም «ምነው በሕይወት እያለ እንዲህ ብቅ ብቅ ባለ» ብዬ እስቃለሁ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ መገናኛ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሽቦ ስቀጥል ነው ያረጀሁት፣ መብራት ጠፋ ሲሉኝ ፊውዙን አያለሁ እንጂ አላማትብም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም፣ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ደግሞ በሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ። ሌሊትማ ማን ከቤቱ ይወጣና፣ ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ ቴአትሩም ሙዚቃውም እሑድ ከሰዓት ነበር የሚታየው። የኔም ነገር የሆነው እሑድ ከሰዓት፣ መቶ ምናምን ሰው ቁጭ ብሎ እያየ ነው።

የምንኖረው የካ፣ ከዋናው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ነው። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን እጫወት ነበር፣ አምፕሊፋየሩንና ማይክራፎኑንም የምቀጣጥለው እኔው ነኝ። ድምፃዊያችን ጀማል ይባላል፣ የጎረቤቴ የእማማ ከድጃ አንድ ለእናቱ የሆነ ልጅ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን አብረን ያደግን፣ ሎጋ፣ ሳቂታ፣ ሲዘፍን ግን የሰው አንጀት የሚበላ። መድረክ ላይ ቦታው ከኔ ኋላ በስተግራ ነው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጫወት እሱ እጁን ግራ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርግና በአንድ ጣቱ ምቱን ይቆጥርልኛል፣ ሙዚቃ መሪ የሚባል ነገር ስላልነበረን አሠራራችን ይሄው ነበር፣ እሱ ሲተነፍስ እኔም ቆም እላለሁ፣ እሱ ሲቀጥል እቀጥላለሁ።

እማማ ከድጃ ደጃቸው ላይ ትንሽ የቅመም ሱቅ ነበረቻቸው። ልጃቸው በዘፈነ ቁጥር ከሕዝቡ መሃል ይነሱና፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ቀስ እያሉ መጥተው ባለ አንድ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል። ለዘፋኝ ብር መለጠፍ የማንም ልማድ ነው፣ የእሳቸው ለየት የሚለው ከለጠፉ በኋላ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ ለአፍታ ማቆየታቸው ነው፣ ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ልጅ። «እማ፣ ኧረ ሰው እያየ!» ይላል ጀማል በሁለት ስንኝ መሃል፣ «ይየኛ፣ የሰረቅሁት ልጅ ነው?» ይላሉ እሳቸው፣ ሕዝቡም ይስቃል። ለቁመቱ ስለማይደርሱ ሁልጊዜ በእግር ጣታቸው ይንጠራራሉ።

አንድ ክረምት ላይ ጀማልን ወሰዱት። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች መጥተው «ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል» አሉ፣ ያን ጊዜ ሁሉም የሚሄደው ለጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲያ እማማ ከድጃ በየጠዋቱ ስንቅ ቋጥረው ወደ እስር ቤቱ ይሄዳሉ፣ የበሩ ጠባቂ ሳህኑን ይቀበላል፣ ከሰዓት ባዶውን ይመልሳል። ሌሎቹን እናቶች «ከእንግዲህ አታምጡ» ብለዋቸዋል፣ የዚያን ቃል ትርጉም የማያውቅ አልነበረም። እሳቸውን ግን አታምጪ ያላቸው የለም። «ሳህኑ ባዶ ነው የሚመለስልኝ ደሬ፣ ወላሂ አንድ እህል የለበትም፣ ልጄ ባይበላው ማን ይበላዋል?» ይሉኛል፣ እኔስ ጠባቂውም ሆድ አለው ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው።

የባሰው ደግሞ የበሩ ነገር ነው። በድንገት ቢለቁትና መጥቶ ቢያንኳኳ፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ሳልሰማው ቀርቼ በሰዓት እላፊ ውጭ ቆሞ ቢገድሉትስ ብለው የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር መቀርቀር እርግፍ አድርገው ተዉ። በዚያ ዘመን! ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሲያንገጫግጨው ግድግዳ ማዶ ተኝቼ እሰማዋለሁ። አንድ ጊዜ ሌባ ገብቶ፣ ሲጮኹ ገፍትሮ ጥሏቸው ክንዳቸው ተሰበረ፣ በማግስቱም በሩ ክፍቱን አደረ። «እማማ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አንድ ቀን ይገድሉዎታል፣ ይቀርቅሩት» ስላቸው፣ «እሱ ገብቶ ይቀረቅረዋል» አሉኝ። ልጁ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ግን ማስረጃ የለን፣ ሬሳ የለን፣ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው፣ ስለዚህ ዝም። ሰውነታቸው ዓይናችን እያየ አለቀ፣ የኔ ጭንቀት ልጁ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ልጁማ ሄዷል፣ የጨነቀኝ በዚያ በር እሳቸውም ሊከተሉት መሆኑ ነበር።

እንዲህ እያለን ነው «የዳሱ እንጨት» እንዲታይ የታዘዘው። «የዳሱ እንጨት» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዘፈን የሚሄድ የድሮ ተውኔት ነው፣ በንጉሡ ጊዜ የተሠራ፣ ትልቅ ትንሹ በቃሉ የሚያውቀው። ታሪኩ አጭር ነው፣ ሙሽራው ለሠርጉ ዳስ ምሰሶ ሊቆርጥ ተራራ ይወጣል፣ ጉም ይወርድበትና መንገድ ይጠፋዋል፣ ሙሽሪት ባልቆመው ዳስ ደጃፍ ሆና ትጠራዋለች፣ እሱም ከጉሙ ውስጥ ይመልስላታል። በፊት ስናሳየው ሙሽራው ጀማል ነበር።

አሁን ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ብርሃኑ ጠራንና፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ገቢ ማሰባሰቢያ ይህንኑ እንድናቀርብ ነገረን፣ ያውም በራሱ አሠራር። «ካባ የለም፣ አክሊል የለም፣ ጓዝ የለም፣ ያ ሁሉ የፊውዳል ጌጥ ነው። ተሰልፋችሁ ቆማችሁ ዘፈኑን ብቻ ትዘፍናላችሁ፣ በኮንሰርት መልክ።» ሙሽሪት በካኪ! እሺ አልን፣ እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «የሙሽራው መልስ የሚባለው ይሰረዝ፣ እዚያ ቦታ አኮርዲዮን ብቻ ይሁን» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ጀማልን የወሰዱት የእሱ ጥበቃዎች ናቸው፣ ያንን ስንኝ ሌላ ሰው ቢዘፍነው እንኳ ሕዝቡ የሚያስበው ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ልምምድ ላይ ነው ትንንሽ ነገር የጀመረው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት የማይክራፎን ዘንግ አለ፣ ማይክራፎኑ ግን አንድ ነው፣ እሱም ሙሽሪትን ሆና ለምትዘፍነው ለአልማዝ፣ ዛሬ ባለቤቴ ለሆነችው። ሁለተኛው የጀማል ዘንግ ወለሉ ላይ በብሎን ስለታሰረ ባዶውን ከኋላዬ በግራ በኩል ቆሟል። ረጅም ሆኖ መድረኩን አስጠላብኝና ዝቅ አድርጌ አጠበቅሁት። በሚቀጥለው ልምምድ ስንመጣ ከፍ ብሏል። አሁንም ዝቅ አደረግሁት፣ አሁንም ከፍ ብሎ ጠበቀኝ፣ ልክ በጀማል አፍ ቁመት። ብሎኑ አርጅቷል አልኩ፣ ለአልማዝም እንደዚያ ነገርኳት፣ ግን ሽቦና ብሎን ሙያዬ ነውና ልቤ ያውቀዋል፣ ያረጀ ብሎን ዘንግ ያወርዳል እንጂ አይሰቅልም።

የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ ተካ ደግሞ አንድ ቀን ከልምምድ ስንወጣ ደጅ ላይ ያዘኝ። «ዛሬስ ልጁ ድምፁ ጠርቶለታል» አለኝ።

«የቱ ልጅ ጋሼ?»

«ያ ረጅሙ ነዋ፣ ከጀርባህ የሚቆመው። እኔማ ታስሯል ሲሉ ሰምቼ አዝኜ ነበር፣ እንኳን ፈቱት።»

ጋሽ ተካ ዓይናቸው ሞራ አለበት፣ ጥላና ሰው አይለዩም፣ ስለዚህ ሳቅሁ። ግን የደከመው ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአልማዝ አልነገርኳትም። ለእማማ ከድጃማ ጭራሽ።

እሑዱ ደረሰ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚመጣ ዓይነት ቀን ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ በስምንት ሰዓት ተኩል አምፖል አብርተናል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት ጓድ ብርሃኑ ሽጉጡን ታጥቆ ተቀምጧል፣ እማማ ከድጃ አራተኛው ረድፍ ዳር ላይ ባዶ ሳህናቸውን በፌስታል ይዘው፣ ከእስር ቤቱ በቀጥታ መምጣታቸው ነው።

የዚያን ዘመን ተመልካች እንዴት እንደሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሊቀመንበሩ ሳያጨበጭብ አይጨበጨብም። እሱ ሲጀምር ይጀመራል፣ ሲያቆም እንደ ቧንቧ ጥርቅም ይላል። የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጨርስ ሕዝቡ ዓይኑን የጓድ ብርሃኑ እጅ ላይ ተክሎ ጠበቀ፣ አጨበጨበ፣ አጨበጨቡ። ሁለተኛው የሚዜዎቹ ዘፈን ነው፣ ነገረኛ ዘፈን፣ እዚያ ላይ ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት፣ አንዷ ደግሞ እልል ልትል ጀምራ ሊቀመንበሩ ዞር ሲል መልሳ ዋጠችው። እኔም ፈታ አልኩ፣ በሰላም ሊያልቅልን ነው ብዬ።

ሦስተኛው ላይ አልማዝ አንድ እርምጃ ወጣችና ጠራችው፦

«ይቅር ዳሱ ይቅር፣ ምሰሶው ይቅርብኝ፣
አንተ ከዚያ ጫካ በሰላም ግባልኝ።»

ከዚህ ቀጥሎ ነው እሱ የሚመልሰው። ቃሉን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፦

«ጉሙ ነው የያዘኝ፣ መንገዱን አውቃለሁ፣
ደጁን አትዝጉብኝ፣ ሲነጋ እመጣለሁ።»

አልማዝ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እኔ ቀና ብዬ አኮርዲዮኑን ብቻ መጫወት ጀመርኩ። ቶሎ ቶሎ ልጫወተውና ልገላገል ነበር ሐሳቤ፣ ጣቶቼ ግን በዝግታ ሄዱ፣ ጀማል የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ስደርስ ሳላስበው ቆም አልኩ፣ ቀጠልኩ። ልምድ ነው፣ በዚህ አልገረምም።

የገረመኝ የሕዝቡ ዓይን ነው። መድረክ ላይ የኖረ ሰው ዓይን ሲያርፍበትና ሲነሳለት ያውቃል። ያ ሁሉ ዓይን በአንድ ጊዜ ከኔ ላይ ተነሳ። ተነሳና ከግራ ትከሻዬ በላይ አረፈ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁሉም እዚያው አንድ ቦታ ላይ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ልጇን ጭኗ ላይ አቁማ የሆነ ነገር አሳየችው፣ ልጁም እጁን አወዛወዘ። እኔ የምሰማው የራሴን አኮርዲዮንና ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃ ብቻ ነው፣ በእናቴ ስም፣ ሌላ ምንም።

ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። «ጉሙ ነው የያዘኝ» ሲሉ በከንፈራቸው አነበብኩት። በልባቸው እየዘፈኑ ነው አልኩ፣ የሚያውቁት ዘፈን አይደል፣ አኮርዲዮኑ አስታወሳቸው፣ ይሄ ምን ያስደነግጣል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ግን የመቶ ሰው ከንፈር በአንዴ ቆመ። ዘፋኙ የሚያውቁትን ቃል ትቶ ሌላ ሲል ተከታይ እንደሚቆመው ነው የቆሙት፣ አፋቸው እንደተከፈተ። ከኋላ አንድ ሴት «ኧረ!» አለች። ያን ጊዜ ግራ ጎኔ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ።

ጓድ ብርሃኑ አጨበጨበ። እመኑኝ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ፣ ብቻውን፣ የሚያደርገውን እንደማያውቅ ሰው ነው ያጨበጨበው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተለው አልነበረም። ሁለቱን እጆቹን አየት አደረጋቸውና ቀስ ብሎ ጭኑ ሥር ከተታቸው።

እማማ ከድጃ ተነሱ። ሳህናቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቀስ እያሉ መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። የመድረኩን ደረጃ ሲወጡ ላቆም ፈልጌ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፣ ፊት ለፊቴ ደረሱ፣ እኔን ግን አላዩኝም፣ ከጡታቸው ሥር ብራቸውን አውጥተው በምላሳቸው እርጥብ አደረጉና፣ በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው፣ ከግራ ትከሻዬ በላይ አየሩ ላይ ለጠፉት። መዳፋቸውንም እንደ ድሮው እዚያው ትንሽ አቆዩት። ክንዳቸው ከጉንጬ አጠገብ ነበር፣ የሱቃቸው የኮረሪማ ሽታ ይሸተኛል፣ ፊታቸውን በደንብ አየሁት። መጀመሪያ ደስታ ነበረበት። ከዚያ ቀስ እያለ፣ መዳፋቸው በቆየ ቁጥር፣ ደስታው ሄደ። እጃቸውን አነሱ፣ መዳፋቸውን አዩት፣ ዞረው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እኔ ብሩ ትከሻዬ ላይ እስኪወድቅ እየጠበቅሁ ነው። አልወደቀም። ዞሬ ልይ? አላየሁም። ፈሪ በሉኝ፣ እንኳን ያኔ አሁንም አላይም።

ዘፈኑ አለቀ፣ የሚያጨበጭብ የለም። ጓድ ብርሃኑ ራሱ አላጨበጨበም። ሕዝቡ ሳይታዘዝ ተነሳና ወንዶቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ወጣ። የቀሩትን ሁለት ዘፈኖች የጠየቀን የለም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጓድ ብርሃኑ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ላቡ ይንቆረቆራል። «ማነው የዘፈነው?»

«ማንም አልዘፈነም ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት።

«እኔ ደንቆሮ ነኝ? ተሰርዟል ያልኩትን ማን ዘፈነው? እሺ ዘፈናችሁ፣ ግጥሙንስ ማን ፈቅዶ ለወጠው? ‹ደጁን ዝጉት በቃ፣ አልመጣም ቀርቻለሁ› የሚል የት ነው ያለው?»

አልማዝ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እስር ቤት መሄዳችን ነው ብዬ ቆረጥኩ። እሱ ግን መጋረጃውን ገለጠ፣ ቴፕ ፈለገ፣ አምፕሊፋየሩን አገላበጠ፣ እኔም አንዷን ሽቦና አንዱን ማይክራፎን አሳየሁት፣ ከዚህ ሌላ ድምፅ የሚወጣበት የለም አልኩት። በመጨረሻ ባዶውን ዘንግ በእጁ ነካው። ወዲያው ለቀቀውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ይሄ ነገር ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ» አለ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገሩን ይዞት እንደወጣ ረስቶ። እኛን ምንም አላደረገንም። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፣ አዳራሹም የእህል መጋዘን ሆነ።

እሱ እንደወጣ በእጅና በእግሬ ድሄ ወንበሬ ሥር፣ መድረኩ ሥር፣ ጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ብሩን ፈለግሁ። የለም።

እማማ ከድጃ ደጅ ላይ በጉሙ ውስጥ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። «ይበርዳል እማማ፣ ልሸኝዎት» አልኳቸውና ሽቅብ ሄድን። በራቸው ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ደሬ፣ አንተ ሰማኸው?»

«አልሰማሁም እማማ።»

አዘኑልኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እሳቸው ለኔ አዘኑልኝ። «ውይ ልጄን! ትከሻህን ይዞህ ነበር እኮ» አሉ።

እጄን ወደ ግራ ትከሻዬ ሰደድኩ።

«ነካሁት» አሉ ቀጠሉና። «ሁልጊዜ ሲዘፍን ግንባሩ እሳት ነው፣ ታውቀው የለ፣ ብሩን የሚይዘው ላቡ ነው። ዛሬ ድንጋይ ነው የነካሁት፣ ክረምት ያደረበት ድንጋይ።» መዳፋቸውን በሌላው እጃቸው አሹት። «ሲያስሩት አልነገሩኝ፣ ሲገድሉት አልነገሩኝ፣ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ዝጉት ካለ ይዘጋ እንግዲህ።»

ገቡ። ግድግዳ ማዶ ቤቴ ገብቼ እንደቆምኩ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ገባ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ለጀማል እስከዚያን ቀን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም ነበር።

በማግስቱ ስንቅ አልያዙም። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ፣ ሰፈሩም እስላም ክርስቲያን ሳይል ገብቶ አብሯቸው ተቀመጠ፣ ሼኹም መጥተው ዱዓ አደረጉ፣ ከቀበሌ የመጣ ከልካይ አልነበረም። ቀስ በቀስ እህል መቅመስ ጀመሩ፣ ሥጋም መለሱ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው አልጋቸው ላይ ዐረፉ። በሩን አንድም ሌሊት ክፍት አላሳደሩትም።

ስለዚህ ነገሩ መልካም ሆነ ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ እላለሁ። ሕዝብ ሲከፋው የማይሰማ ይሰማል፣ ሁሉም የቀረበት ሰው ነበረውና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ተመኘ እላለሁ፣ ብሩንም ጋሽ ተካ አንስተውት ይሆናል እላለሁ፣ ምንም እንኳ ሞራ ያለበት ዓይን ጣውላ ላይ የወደቀ ብር እንዴት እንደሚያይ ባላውቅም። አልማዝን «አንቺስ ሰምተሽ ነበር?» ብዬ ስንቴ ጠየቅኋት፣ «ተወው በናትህ፣ ልጆቹ ይሰማሉ» ትለኛለች፣ ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡ በኋላም መልሷ ይሄው ነው። ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ፣ በታክሲም ይሁን በማዕድ፣ በስተግራዬ ተቀምጣ አታውቅም።

እኔን የሚበላኝ ግን ሌላ ሐሳብ ነው። እናቱ ደጃቸውን ዘጉ፣ እሰየው፣ ዳኑ። ታዲያ እሱ ወዴት ገባ?

በቅርቡ ካራ አካባቢ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ነበር። ዳስ ተጥሏል፣ ቀኑ ፀሐያማ ነው፣ ወጣቶቹ ኪቦርዳቸውን አሳርፈው «ጋሼ፣ እስቲ የድሮ ነገር» ብለው አኮርዲዮኔን አሸከሙኝ። ወንበሬን ከዚያ እሑድ ወዲህ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ላስቀምጥ ስል ዳስ ግድግዳ የለውም። እንዲሁ ተቀመጥኩ። ሁለት ዘፈን ስጫወት ከሙሽራው ወገን የመጡ፣ ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸው የማላውቅ አንዲት እናት ተነሱና ብር ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ፣ አመሰገንኩ። ሊመለሱ ነው ስል ቆሙ፣ ቀና ብለው ፈገግ አሉ፣ ከቦርሳቸው ሌላ ብር አወጡ። በእግር ጣታቸው ተንጠራሩና ክንዳቸው በግራ ጉንጬ አጠገብ ወደ ላይ አለፈ። ከዚያ ሄደው ተቀመጡ።

እኔ መጫወቴን አላቋረጥኩም። ዞሬም አላየሁም። ብሩ ሲወድቅ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አልሰማሁም።